«ዘለዓለማዊ ዕፅ» ወይስ የብዙ ዓመት ተክል?

ጥያቄ፦ በአውሮፓ ጫካዎች ስለሚበቅል፣ ፓሪስ ኳድሪፎሊያ ስለሚባል አበባ የተጻፈ ገለጻ እየተረጎምኩ ነው። «ዘለዓለማዊ ዕፅ» ብዬ ጻፍኩ። ጓደኛዬ ግን «በየዓመቱ ይበቅል የለም ወይ? ዓመታዊ ተክል በለው» ይለኛል። ማናችን ልክ ነን?

መልስ፦ ሁለታችሁም ስታችኋል። የጓደኛዎ ስሕተት ግን ከአማርኛው ከራሱ የመነጨ ስለሆነ አልፈርድበትም። ዓመታዊ በዓል ስንል በየዓመቱ የሚመለሰውን ማለታችን ነው። በዕፅዋት ትምህርት ግን ዓመታዊ የሚባለው በአንድ ዓመት ውስጥ በቅሎ፣ አብቦና አፍርቶ ከነሥሩ የሚሞተው ነው።

የእርስዎ ተክል እንዲህ አይደለም። አፈሩን ገለጥ ቢያደርጉ እንደ ዝንጅብል ወደ ጎን የሚሳብ የከርሰ ምድር ግንድ ያገኛሉ። ከዓመት ዓመት የሚኖረው እሱ ነው። ከእሱ ቀጥ ያለ ቀጭን ዘንግ ይወጣል፤ ከዘንጉ ጫፍ ዝቅ ብሎ፣ አብዛኛውን ጊዜ አራት ቅጠሎች ከአንድ አንጓ ላይ ዙሪያውን ይዘረጋሉ። ከቅጠሎቹ በላይ ያለችው አበባ አንዲት ብቻ ናት፤ አረንጓዴ ስለሆነች ካላስተዋሏት ያልፏታል። በእሷ ቦታ የሚተካው ጥቁር ሰማያዊ ፍሬም አንድ ነው፤ መርዛማ ነው። ብርዱ ሲገባ ዘንጉ ይሞታል (ክረምት ያላልኩት የእኛ ክረምት ዝናብ ስለሆነ ነው)።

ለፍራፍሬ ዛፎች የምንጠቀምበት «ቋሚ ተክል» እንኳ እዚህ የማይመቸው ለዚህ ነው። ከምድር በላይ ዓመቱን ሙሉ የሚቆም ነገር የለማ! «ዘለዓለማዊ»ን ደግሞ ለሃይማኖት ትምህርት እንተውለት።

«ዕፅ»ም ሌላ ጣጣ አለበት። በግእዝ ዛፍና እንጨት ማለት ነው፤ ዕፀ በለስን ያስታውሱ። በዛሬው ጋዜጣ ደግሞ ብቻውን ሲቆም አደንዛዡን ያስታውሳል። እዚህ የተፈለገው ግን እንጨት የሌለው ተክል ነው። እኔ ብሆን «ግንዱ እንጨት የማይሆን፣ ለብዙ ዓመት የሚኖር አባቢ ተክል» እል ነበር። ረዘም ይላል፤ አያሳስትም።

ሳልረሳው፣ ስሙ ውስጥ ያለው ፓሪስ ከተማዋ አይደለችም። ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ፍቺ በላቲን «እኩል» ከሚለው ቃል የመጣ ነው የሚል ነው፤ ቅጠሉ አራት፣ የአበባዋ ውጫዊ ሽፋን አራት፣ ክር መሰል መልካበባዋ አራት። ኳድሪፎሊያም ባለ አራት ቅጠል ማለት ነው። በትርጉምዎ ውስጥ «የፓሪስ ከተማ አበባ» የሚል ካለ ይሰርዙት።