ስለ ሽጉጥ ጠይቁኝ፤ የማውቀውን እመልሳለሁ

ለ11 ዓመት መሣሪያ ግምጃ ቤት ሠርቻለሁ። ሽጉጥ መፍታት፣ መወልወልና መግጠም የዕለት ሥራዬ ነበር።

ምላጩ ሲሳብ ውስጡ ምን ይሆናል?

ምላጩ መዶሻውን ይለቀዋል። መዶሻው መርፌውን፣ መርፌው ደግሞ የጥይቱን ቂጥ ይመታል። እዚያ ያለችው ትንሽ ተቀጣጣይ ባሩዱን ትለኩሰዋለች። ባሩዱ ባንዴ ጋዝ ሆኖ እርሳሱን፣ ማለትም ተወርዋሪውን የጥይት ጫፍ፣ በአፈሙዙ ያስወጣዋል። ቀለሁ፣ ማለትም ባሩዱን የያዘው ቀፎ፣ ይቀራል። አፈሙዙ ውስጥ ጠመዝማዛ ቦዮች ተቀርጸዋል፤ እርሳሱን እያሾሩ ይልኩታል። ካልሾረ አየር ላይ ይገለባበጣል፣ ኢላማውን ይስታል።

ቀጣዩ ጥይት በራሱ እንዴት ይገባል?

ማካሮቭን እንውሰድ፤ አገራችን ውስጥ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ሶቭየት ኅብረት በ1951 እ.ኤ.አ. ለጦሯ የተቀበለችው ነው፣ ካዝናው፣ ማለትም ጥይት የሚደረደርበት ተነቃይ ማኅደር፣ 8 ጥይት ይይዛል። ሲተኮስ የላይኛው ብረት ወደ ኋላ ሄዶ ባዶውን ቀለህ ይተፋል። ሞላው ሲመልሰው ከካዝናው አዲስ ጥይት ገፍቶ ያጎርሳል። አንዴ ከተተኮሰ በኋላ፣ ካዝናው ውስጥ ጥይት እስካለ ድረስ፣ ሽጉጡ እንደተቀባበለ ነው።

ሪቮልቨርስ?

ካዝና የለውም። ጥይቶቹ፣ ብዙውን ጊዜ 6፣ የሚሽከረከር ከበሮ ውስጥ ይቀመጣሉ።

የእኔ ማካሮቭ 9 ሚሊ ሜትር ነው፣ የጓደኛዬ ግሎክም 9። ጥይት እንዋዋስ?

በፍጹም! የማካሮቭ 9 በ18 ነው፣ የግሎኩ 9 በ19፤ ሁለተኛው ቁጥር የቀለሁ ርዝመት ነው በሚሊ ሜትር። የማካሮቭ እርሳስ ወፈር ይላል፣ የግሎኩ ጥይት ደግሞ ግፊቱ ይበልጣል።

ልጆች ስላሉኝ ካዝናውን አውጥቼ ነው ሽጉጡን የማስቀምጠው። ይበቃል?

አይበቃም ወንድሜ። አንድ ቀን ባልደረባዬ የሚወለወል ሽጉጥ አመጣልኝ። ካዝናውን ጠረጴዛ ላይ አኑሮ «ባዶ ነው» አለኝ። የላይኛውን ብረት ሳብኩት። አንዲት ጥይት ዘላ ወጥታ ሲሚንቶው ላይ ተንከባለለች። ፊቱ አመድ መሰለ።

መጀመሪያ ካዝናውን አውጣ። ከዚያ ብረቱን ስበህ ውስጡን በዓይንህ እይ፣ በትንሿ ጣትህም ዳስስ። ቅደም ተከተሉን እንዳትገለብጠው፤ ካዝናው ሳይወጣ ብረቱን ስበህ ብትለቀው ሌላ ጥይት ይጎርሳል። አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት ይሁን፣ ጣትህም ከምላጩ ይራቅ። ሽጉጡን ቆልፍበት፣ ጥይቱን ደግሞ ሌላ ቦታ ቆልፍ። ልጅ አልጋ ሥር፣ ቁም ሣጥን ላይ፣ የትም ይደርሳል።

ለሰርግ ወደ ሰማይ መተኮስስ?

እባካችሁ ተዉት። እርሳሱ ተመልሶ ይወርዳል፤ ሰው ጭንቅላት ላይ ካረፈ ይገድላል።

አባታችን አርፈው ሽጉጣቸው ሣጥን ውስጥ ተገኘ። ምን እናድርግ?

እግዚአብሔር ያጽናችሁ እህቴ። አትንኩት። ለማየት ብላችሁም አታንሱት። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ይከለክላል፤ ስለዚህ ለፖሊስ አሳውቁና መጥተው ይረከቡ። እስከዚያ ሣጥኑ ይቆለፍ፣ ቁልፉ እናታችሁ ጋ ይሁን።