የበጎ አድራጎት ክበብ ልትጀምሪ ላሰብሽው የ9ኛ ክፍል መምህርት

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ አነበብኩት። ዘንድሮ ተማሪዎችሽን ይዘሽ የበጎ አድራጎት ክበብ ልትጀምሪ እንደሆነ ጽፈሻል። ገንዘቡን ከየት እንደምትሰበስቢና ለማን እንደምትሰጪ ግራ እንደገባሽም ነግረሽናል። መጀመሪያ አብሽሪ። እኔ ደሴ ውስጥ የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። እንዲህ ያለ ክበብ መምራት ከጀመርኩ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። አንዳንዶች "ዕቅድ አውጪ፣ ኮሚቴ አዋቅሪ" ብለውሻል። እሱንማ አንቺም ታውቂዋለሽ። እኔ የምጽፍልሽ ማንም ሳይነግረኝ ዋጋ ከፍዬ የተማርኩትን ነው።

1. "ፈቃድ አውጪ" የሚሉሽን አትስሚ። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሚመዘገቡት የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ናቸው። የአንቺ የትምህርት ቤት ክበብ ነው። የርእሰ መምህሩ ፊርማና ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይበቃሻል። ግን በዚያ ደብዳቤ ልጆቹን ሣጥን አስይዘሽ መንገድ እንዳታወጪ። ከግቢ አትውጡ።

2. ገንዘብ። በመጀመሪያው ዓመት በየሳምንቱ ዓርብ 5 ብር ብለን፣ ስም እየጠራን ሰበሰብን። ወሩ ሳያልቅ አንድ ጎበዝ ልጅ ዓርብ ዓርብ መቅረት ጀመረ። ጠርቼ ስጠይቀው ዝም አለኝ። ለካ 5 ብሩ የለውም! ለችግረኛ እንሰብስብ ብለን ችግረኛውን ልጅ ከክፍል አስቀረነው። ከዚያ ወዲህ ስም አንጠራም። እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ ያለው ካርቶን አለን። ሁሉም ልጅ እጁን ጨብጦ ያስገባል፣ ከፍቶ ያወጣል። ብር ይኑረው፣ ባዶ ይሁን፣ የሚያውቅ የለም። ሦስት ልጆች አብረው ይቆጥራሉ፣ መዝገቡ ላይ ይፈርማሉ።

የሰበሰባችሁትን ወደ ትምህርት ቤቱ ሒሳብ ከማስገባትሽ በፊት ደግሞ እንዴት እንደሚወጣ በደንብ ጠይቂ። እኛ ሳንጠይቅ 4,200 ብር አስገባን። ደብተር ለመግዛት ስንል ሦስት ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) አምጡ ተባልን። ስናመጣ ፈራሚው ሰው የለም። ሰውየው ሲመጣ ፕሮፎርማው ጊዜው አልፏል። በኅዳር የተሰበሰበ ብር በመጋቢት ወጣ። ደብተሩ የታሰበላቸው ልጆች ዓመቱን አጋምሰውታል። አሁን የሚቻለውን ሁሉ በዓይነት ነው የምንሰበስበው።

3. ለማን ይሰጥ ለሚለው፣ እዚህ ላይ ቆም ብለሽ አንብቢኝ። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው።

በሦስተኛው ዓመት 9,400 ብር ሞላልን። ለተማሪዎቹ ትልቅ ነገር ነበር። ከምሳቸው የቆረጡ ልጆች አሉበት። ለ11 ችግረኛ እናቶች ዘይትና ዱቄት እንግዛ ተባለ። የችግረኞቹን ስም ዝርዝር ለማግኘት ወደ አንድ የአካባቢያችን መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ኃላፊው ቀና ብሎም አላየኝ። "ፕሮግራም ከሌለ ዝርዝር የለም" አለኝ። ፕሮግራም ማለት ባነር ነው፣ ንግግር ነው፣ ካሜራ ነው። ባነሩን በልጆቹ ብር አሠሩን። 1,800 ብር! የሁለት እናት ድርሻ ማለት ነው። ያኔ ጥዬ መውጣት ነበረብኝ። አልወጣሁም። ልጆቹ እየጠበቁ ነው፣ እንዴት ባዶ እጄን እመለሳለሁ ብዬ እሺ አልኩ። ጥፋቱ የእነሱ ብቻ አይደለም፣ የእኔም ነው።

ዝርዝሩን እስከ ዕለቱ ድረስ አላሳዩንም። ቅዳሜ ጠዋት እናቶቹ መጡ። ለካ "ስብሰባ አለ" ተብለው ነው የተጠሩት። ባነሩ ሥር አሰለፏቸው። ኃላፊው ስም ይጠራል፣ የክበባችን ገንዘብ ያዥ መዝገቡ ላይ ምልክት ታደርጋለች። ጨዋ፣ ዝምተኛ፣ ጽሕፈቷ የሚያምር የ10ኛ ክፍል ልጅ ናት። ስድስተኛው ስም ሲጠራ እስክሪብቶዋ ቆመ። ቀና ብዬ አየኋት። የተጠሩት እናቷ ናቸው።

ሴትየዋ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ሳቡት። "ወደ ካሜራው ዙሩ እንጂ" አላቸው አንዱ። ዞሩ። ማታ ፎቶው ፌስቡክ ላይ ወጣ።

ልጅቷ ዘጠኝ ቀን ከትምህርት ቀረች። በአሥረኛው ቀን ቤታቸው ሄድኩ። እናትየው በክብር ተቀበሉኝ። ቡና አፈሉልኝ። ከዚያ ተነሥተው ከአልጋው ሥር ዘይቱን አወጡት። ክዳኑ እንኳ አልተነካም። "መምህር፣ ልጄ ገንዘብ ያዥ ሆነች ብዬ ለጎረቤቱ ሁሉ ተናግሬ ነበር" አሉኝ። "አሁን ጎረቤቱ የእኔን ፎቶ ነው ያየው።" የምመልሰው ቃል አጣሁ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ጥግ ላይ በጨርቅ ወደተሸፈነ ነገር አመለከቱኝ። የስፌት መኪና ነው። ከተበላሸ ሰባት ወር ሆኖታል። "ብትጠይቁኝ ኖሮ ዘይት አልላችሁም ነበር። እሷ ከተሠራችልኝ ዘይቱን ራሴ እገዛዋለሁ።"

መኪናዋን ለማሠራት ስንት የፈጀ ይመስልሻል? 1,350 ብር። ከባነሩ ያነሰ ነው! በማግስቱ ሁለት ልጆች ይዤ ጠጋኝ ቤት ወሰድናት። እስከ ዛሬ ትሠራለች። ያለፈው ዓመት ዩኒፎርም የሰፉልን እሳቸው ናቸው፣ ሒሳባቸውን ተቀብለው። ልጅቷ ወደ ክፍል ተመለሰች። ወደ ክበቡ ግን አልተመለሰችም። ሁለት ጊዜ ለመንኳት። ሦስተኛ መለመን ከበደኝ።

ፎቶውን ለማስጠፋት ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። መጀመሪያ "ሪፖርት ላይ ገብቷል" ተባልኩ። በሁለተኛው "መምህር ከሆንክ አስተምር፣ ሥራችንን አታስተምረን" የሚል ሰው ገጠመኝ። በሦስተኛው የአካባቢውን የቅሬ ዳኛ ይዤ ሄድኩ። ያኔ በአምስት ደቂቃ ጠፋ። (የሌላ አገር ልጅ ከሆንሽ፣ እኛ ወሎ ውስጥ እድርን ቅሬ ነው የምንለው።)

እኚያን ሽማግሌ መጀመሪያውኑ አለመጠየቄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ሰፈሩን ከማንም በላይ የሚያውቀው ቅሬው ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ መዝገብ ላይ አለ። ዳኛው ማን መዋጮ አቅቶት እንደተደበቀ ያውቃሉ፣ ግን አያወሩም። ስለዚህ ልጆቹን ወደ እሳቸው ወሰድኳቸው። አንዷ ተማሪ "መክፈል ያቃተውን ምን ታደርጉታላችሁ?" ብላ ጠየቀቻቸው። "ድንኳን ሲተከል እሱን ቀድመን እንጠራዋለን" አሏት። "ጉልበቱን ይዞ ይመጣል። ያኔ አንገቱን አይደፋም።" የእኔ የአንድ ሴሚስተር ትምህርት ያቺን አታህልም።

በሳምንቱ ክፍል ውስጥ ስለ ፎቶ ክርክር ከፈትኩ። አንዱ ልጅ ማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ላይ ቀኝ እጅ የሚሰጠውን ግራ እጅ አይወቅ እንደሚል ተናገረ። ኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። "የእኛም ሐዲስ ላይ አለ" አለች። አላህ በጥላው ሥር ከሚያስጠልላቸው ሰባት ዓይነት ሰዎች አንዱ፣ ቀኙ የሰጠውን ግራው እስከማያውቅ ድረስ ደብቆ ሶደቃ የሚሰጥ ነው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ ሁለቱ ልጆች ተነጋግረው የክበቡን ደንብ ጻፉት። የተቀባይ ፎቶ አይነሳም። ስም አይጠራም። ሰው ሳይጠየቅ ነገር አይገዛለትም። ይሄ ደንብ ግድግዳችን ላይ አለ። እኔ ብጽፈው በሁለት ሳምንት ይረሱት ነበር።

ለልጆቹ ማንን አርአያ አድርገሽ እንደምታነሺም ጠይቀሽ ነበር። የሩቅ አገር ባለሀብት አታምጪላቸው። ልጅ "እኔ ሚሊዮን ሲኖረኝ" ብሎ ይተወዋል። እኔ የማነሳላቸው ወላጅ ያጡ ሕፃናትን ሲያሳድጉ የኖሩትን ወይዘሮ አበበች ጎበናን ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ በረሃቡ ጊዜ፣ እዚሁ ወሎ ግሸን ማርያም ለመሳለም መጥተው ሁለት ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። በአንድ ዓመት ውስጥ ልጆቹ 21 ደረሱ። ቤታቸውን አጡበት፣ ልጆቹን ግን አልተዉም። በ2013 ሰኔ ውስጥ እስኪያርፉ ድረስ በዚያው ጸኑ። ተማሪዎቼ ግሸንን ያውቋታል። መንገዱን ያውቁታል። "ከሁለት ልጅ ነው የተጀመረው" ስላቸው ዓይናቸው ይበራል።

4 ቁጥር ላይ "ከገንዘብ ይልቅ ጉልበት" ልልሽ ነበር። ያለፈውን ሰኔ ልንገርሽና ይብቃኝ። ፈተና ካለቀ በኋላ ልጆቹ አንዲት ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ቤት ሄደው ምን እንደሚያስፈልጋቸው ጠየቁ። ብርድ ልብስ ይላሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። "ጣሪያዬ ያፈሳል፣ ዝናቡ እኩለ ሌሊት አልጋ ያስገፋኛል" አሉ። የደሴን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል። የአንዱ ተማሪ አባት አናጢ ናቸው። ልጆቹ ደቦ ጠሩ። 23 ልጅ መጣ። ያረጀ ቆርቆሮ ለመነው አሰባሰቡ፣ የገዛነው ስድስት ቅጠል ብቻ ነው። ያ ዓርብ ዓርብ ይቀር የነበረው ልጅ፣ አሁን 12ኛ ክፍል የደረሰው፣ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ሚስማር ይመታ ነበር። ባነር የለም፣ ንግግር የለም። ሴትየዋ ንፍሮ ቀቅለው አበሉን። ሳቅ በሳቅ ሆነን ነው የወጣነው። በማስተማር ሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

የርእሰ መምህሩን ደብዳቤ ናሙናና ልጆቹ ቤት ሲሄዱ የሚይዟትን የአንድ ገጽ መጠይቅ ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ እልክልሻለሁ። መጠይቋ አራት ጥያቄ ብቻ ናት። የመጀመሪያዋ "ብንመጣ ይመችዎታል?" ነው። እና ኅዳር ሳይገባ ጀምሪ። የሴሚስተሩ ፈተና ከቀረበ ልጆቹን አታገኚያቸውም።