የመንፈሱን ቦታ ለትንሹ ስጪው

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እንደምን አሉ? ሁለት ልጆቼን ቤት ውስጥ ነው የማስተምራቸው። ሴቷ 15 ዓመቷ ነው፣ ወንዱ 13። ሒሳቡም ሳይንሱም ደህና ይሄዳል። ሥነ ጽሑፍ ላይ ስንደርስ ግን ቤቱ ጭር ይላል። እሷ ማንበቡን ታነባለች። «እንዴት ነው?» ስላት «ጥሩ ነው» ትለኛለች፣ በቃ። አንድ ቀን ብነዘንዛት «ማሚ፣ ካንቺ ጋር የፍቅር ታሪክ ማውራት ያሳፍራል» አለችኝ። እሱ ዝምተኛ ነው። ማጠቃለያውን ከኢንተርኔት ገልብጦ ያመጣልኛል። እንደነሱ ቤት የሚማሩ ሦስት ልጆች ጠርቼ የንባብ ክበብ ነገር ሞክሬ ነበር። በመጀመሪያው ቀን አምስቱም ነበሩ። በሁለተኛው ሳምንት የተገኙት የእኔዎቹ ብቻ ናቸው፣ እነሱም ቤታቸው ስለሆነ። ምን ላድርግ? ውጤታቸውንስ በምን ልለካ?

የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያው ቀን ምን እንዳደረጋችሁ አልጻፍሽልኝም። እኔ ልገምት። ክብ ሠርታችሁ ተቀመጣችሁ። አንቺ ጥያቄ የተጻፈበት ወረቀት ይዘሻል። «የመጽሐፉ ጭብጥ ምንድን ነው?» አልሽ። አምስቱም ወለሉን አዩ።

ጠንቋይ ሆኜ አይደለም። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ስንት ዓመት ሥነ ጽሑፍ ያስተማርኩ ሰው፣ ልጄን ቤት ማስተማር ስጀምር አራት ልጆች ሰብስቤ 20 ጥያቄ አዘጋጀሁ። ሃያ! አራተኛው ላይ አንዱ ልጅ እጁን አወጣ። ደስ አለኝ። «ሽንት ቤቱ በየት በኩል ነው?» አለኝ። ከዚያ አልተመለሰም። በኋላ ስፈልገው ኮሪደሩ ላይ ከድመታችን ጋር ሲጫወት አገኘሁት።

ያን ቀን የገባኝ ነገር ቢኖር ልጆቹ አንዳቸው ሌላቸውን እንዳላስፈለጋቸው ነው። አምስት ሆነው ተቀምጠዋል እንጂ እያንዳንዱ የሚያወራው ከእኔ ጋር ነበር። አንዱ ቢቀር ለሌላው ምንም አይጎድልበትም። ስለዚህ በሁለተኛው ሳምንት ይቀራል፣ ምን ይሠራል? አንዱ ሲቀር ሥራው የሚቆም ነገር ስጪያቸው።

እኔን ያወጣኝ ተውኔት ነው። በሼክስፒር ዘመን ተዋናይ ሙሉውን ጽሑፍ አይሰጠውም ነበር። በእጅ መገልበጥ አድካሚ ነው፣ ወረቀትም ውድ ነበር፣ ሙሉው ቅጂ እጅ በእጅ ዞሮ ተቀናቃኝ ቡድን ዘንድ እንዲደርስም አይፈልጉም። የሚሰጠው የራሱ ንግግር ብቻ ነው፣ ከእሱ በፊት የሚናገረው ሰው የሚጨርስባቸው ሁለት ሦስት ቃላት ተጨምረውበት። ያንን የተጣበቀ ወረቀት ጠቅልሎ ይይዘዋል። ኤድዋርድ አሌይን የተባለ የዚያን ጊዜ ዝነኛ ተዋናይ የተጫወተበት አንድ ጥቅልል ዛሬም ለንደን በደልዊች ኮሌጅ ይገኛል። እንግዲህ አስቢው፤ መቼ እንደምትናገሪ የምታውቂው ሌሎቹን ጆሮሽን ሰጥተሽ ስታዳምጪ ብቻ ነው።

ለእናንተ ደግሞ አምስት ልጆች መሆናችሁ በጣም ተመችቷል። የሐምሌትን የመጀመሪያ ትዕይንት ውሰጂ። የጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም አለ፣ በአማርኛ ይሁንላቸው። ትዕይንቱ ውስጥ ያሉት አምስት ናቸው፤ በርናርዶ፣ ፍራንሲስኮ፣ ሆሬሽዮ፣ ማርሴለስ፣ ከዚያ የሟቹ ንጉሥ መንፈስ። የእያንዳንዱን ንግግር ለየብቻው ገልብጪ። ከፊቱ የሚሰማቸውን ሦስት ቃላት ጻፊለት፣ ማን እንደሚላቸው ግን አትጻፊለት። ሌላ ምንም ማብራሪያ አትስጪ። መጋረጃውን ዝጉ፣ መብራት አጥፉ፣ ለየሰዉ አንድ ባትሪ ይኑረው። የስልክ መብራትም ይሆናል፣ ስልኩ ሌላ ነገር እንዳያመጣ ብቻ ተጠንቀቂ።

የተውኔቱ የመጀመሪያ ንግግር «ማን ነው እዚያ?» የሚል ጥያቄ ነው። የሚጠይቀው ግን ተረኛው ዘበኛ አይደለም፣ ሊተካው የሚመጣው ነው! ተረኛው ደግሞ «አንተ ማነህ፣ አንተ መልስልኝ» ይላል። በብርሃን ቁጭ ብሎ የሚያነብ ልጅ ይህን ሳያየው ያልፋል። ጨለማ ውስጥ ቆሞ ማን እንደሚያናግረው የማያውቅ ልጅ ግን ወዲያው «ቆይ፣ ለምን እሱ ጠየቀ? ተራው እኮ የኔ ነበር» ይላል። እኔ ዘንድ እንደዚያ ያለችው አንዲት ልጅ ናት። ክርክሩ ሃያ ደቂቃ ወሰደ። ፈርቷል፣ ሁሉም ፈርቷል፣ በዚያ ግቢ ማን ምን እንደሆነ አይታወቅም ተባባሉ። ጭብጥ የሚለውን ቃል ማንም አልጠራም።

አሁን ወደ ዝምተኛው ልጅሽ። መንፈሱን ለእሱ ስጪው። በዚያ ትዕይንት መንፈሱ ሁለት ጊዜ ይመጣል፣ አንዲት ቃል አይተነፍስም። ግን የሚያወሩት ሁሉ ስለ እሱ ነው። መቼ እንደሚገባ፣ የት እንደሚቆም፣ ማንን እንደሚያይ፣ መቼ እንደሚጠፋ ራሱ ይወስን። ለዚህ ደግሞ የሌሎቹን ንግግር ሁሉ ማወቅ አለበት፤ ማጠቃለያ አያድነውም። ሊናገር ሲል ደግሞ ዶሮ ይጮኻል። ፍራንሲስኮ ቶሎ ስለሚወጣ ሥራ ፈትቶ እንዳይቀመጥ ዶሮ መሆን የእሱ ነው። ይህቺ የእኔ ጭማሪ ናት፣ በጣም ይወዷታል።

ልብ ወለድ ሲሆን ሌላ መላ አለ። እንግሊዛዊው ደራሲ ዲክንስ ብዙ ድርሰቶቹን ያወጣው እየቆራረጠ ነው። ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 1860 እስከ ኦገስት 1861 በየሳምንቱ በራሱ መጽሔት ላይ ወጣ። አንባቢው ሳምንት ሙሉ ይጠብቃል፣ እየጠበቀም ያወራል። እናንተም ስለምትመርጡት መጽሐፍ እንዲሁ አድርጉ። ልብ አንጠልጣይ ቦታ ላይ ቁረጡት። የቴሌግራም ግሩፕ ይክፈቱ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚሆን እያንዳንዱ በድምፅ መልእክት ይላክ፣ ከአንድ ደቂቃ ያልበለጠ። ቀድሞ ያነበበ ሰው መኖሩ አይቀርም፣ በተለይ ልጅሽ። እሷ ዳኛ ትሁን፤ እስከሚቀጥለው ስብሰባ መናገር ክልክል ነው። ለአንዳንድ ልጅ ከዚህ የከፋ ቅጣት የለም።

ስለ ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ አንድ ነገር ልጨምር። ዲክንስ መጀመሪያ የጻፈው መጨረሻ ሌላ ነበር። ዋናው ገጸ ባሕርይ ፒፕና የሚወዳት ኤስቴላ መንገድ ላይ ለአጭር ጊዜ ተገናኝተው ይለያያሉ። ደራሲው ቡልወር ሊተን «ቀይረው» ቢለው ቀየረው። የመጀመሪያው በይፋ የታወቀው ዲክንስ ከሞተ በኋላ ነው። ሁለቱም አጫጭር ናቸው። አንብበው ሲጨርሱ ሁለቱንም ስጪያቸውና ድምፅ ይስጡ። «ከአንቺ ጋር ያሳፍራል» ያለችሽ ልጅ ከእኩዮቿ ጋር ሆና ስለ ፒፕና ኤስቴላ ስትሟገት በሩ ላይ ቆመሽ ትሰሚያለሽ። አትግቢ።

መቼም «ልጄ አያነብም» ትይኝ ይሆናል። ያዳምጥ። በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ የተተረከውን ፍቅር እስከ መቃብር የሰማ ሰው አላነበበም ብዬ እኔ አልከራከርም። እህቱ በዓይኗ፣ እሱ በጆሮው ይምጡ። ተራኪው የትኛው ላይ ድምፁን ለወጠ የሚለው ራሱ ጥሩ ወሬ ነው።

«አንተ ጠያቂ፣ አንቺ ሠዓሊ፣ አንተ ቃል ፈላጊ» እያሉ ሚና የሚያከፋፍሉ ወረቀቶች አጋጥመውሽ ይሆናል። ለአንድ ሁለት ሳምንት አይከፉም። ከዚያ በኋላ ልጁ ወረቀቱን ሞልቶ ውይይቱን ይረሳል። እነዚህን የንባብ ክበቦች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያስፋፋው አሜሪካዊው ሃርቪ ዳንኤልስ ራሱ ኋላ ላይ ወረቀቱ ውይይቱን እንዳያደርቀው አሳስቧል።

ዝናብ ይዟቸው መውጣት ያልቻሉ ቀን ደግሞ የሜሪ ሼሊን ታሪክ ንገሪያቸው። እ.ኤ.አ. በ1815 ኢንዶኔዥያ ውስጥ ታምቦራ የተባለ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። በማግስቱ ዓመት አውሮፓ በጋው ጠፋ፣ ቀዘቀዘ፣ ዘነበ። በጄኔቫ ሐይቅ ዳር ቤት ውስጥ የተዘጉ ወጣቶች አሰልቺውን ጊዜ ለመግፋት እያንዳንዳቸው የሚያስፈራ ታሪክ ይጻፉ ተባለ። ሐሳቡን ያመጣው ገጣሚው ባይረን ነው። ከመካከላቸው የ18 ዓመቷ ሜሪ የጀመረችው በ1818 ፍራንከንስታይን ሆኖ ታተመ። ከልጅሽ በሦስት ዓመት ብቻ ትበልጣለች። ከዚያ ወረቀት አድዪና ከክፍሉ ውጪ።

ቁጥራቸው ከስድስት ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ሰባት ሲሆኑ ሁለቱ የግላቸውን ወሬ ይጀምራሉ። በሁለት ሳምንት አንዴ ይበቃል። መጽሐፉንም በየተራ እነሱ ይምረጡ። አንዳንዴ የማይረባ ይመርጣሉ። ይምረጡ። «ለምን አይረባም?» ብሎ መከራከርም ትምህርት ነው፣ ያውም ከባዱ።

ስለ ውጤት ጠይቀሽኛል። እኔ ከየስብሰባው በኋላ አንድ ገጽ ደብዳቤ አስጽፋቸው ነበር፣ ለእኔ ሳይሆን ያን ቀን ላልተስማሙበት ልጅ። «እንዲህ ብለሃል፣ እኔ ግን ገጽ ይህን ያህል ላይ እንዲህ ይላል» እያሉ። የማየው ሁለት ነገር ነው፤ የሌላውን ሐሳብ በትክክል አስቀምጧል ወይ፣ ከመጽሐፉ ማስረጃ አምጥቷል ወይ። ፊደሉን በሌላ ቀን ታርሚያለሽ።

ለሚመጣው ስብሰባ ለሦስቱ ልጆች አሁኑኑ ጥሪ አትላኪ። መጀመሪያ ጥቅልሎቹን ላኪላቸው፣ ለየአንዳንዱ የራሱን፣ «ይህን ለማንም አታሳይ» ብለሽ። ማን ከማን ጋር እንደሚያወራ ለማወቅ መምጣት አለባቸው። የዶሮውን ድርሻ ግን ቀድመሽ ቤተሰቡን አስፈቅጂ፤ የኛው ሳምንት ሙሉ ሲለማመድ ጎረቤቶቹ አማርረው ነበር።