ጠቋሚው ብልጭ ይላል፣ ኪቦርዱ ግን አልመጣም

በዚህ ሳምንት የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከከተማው ዳርቻ ናቸው። ከአንዷ በቀር አጫጭር ስለሆኑ እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ከሰበታ የጻፉልኝ እናት ስልካቸው የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ እንደሚያሳያቸው ገልጸው፣ አማርኛውን ማን እንዳጠፋባቸው ይጠይቃሉ።

ማንም አላጠፋውም፤ ገና አልተጨመረም። የጉግልን ኪቦርድ፣ ጂቦርድን የሚጠቀሙ ከሆነ ቅንብሮቹ ውስጥ ገብተው «ቋንቋዎች» የሚለው ላይ አማርኛን ይጨምሩ። ከዚያ በኋላ የሉሉን ምልክት በመንካት ከአንዱ ወደ ሌላው ይቀያይራሉ።

ከኮዬ ፈጬ አንድ ወጣት ፕሮግራመር በአካባቢው ሱቆች ያለውን ዕቃ ለመፈለግ የሚያገለግል፣ በስልክ የሚከፈት ድረ ገጽ ሠርቷል። የአጉሊ መነጽሩ ምልክት ሲነካ የፍለጋ ሳጥኑ ተንሸራቶ ይገባል፣ ጠቋሚው ብልጭ ብልጭ ይላል። በአንድሮይድ ስልኮቹ ኪቦርዱ ይወጣል፤ በአይፎን ግን ተጠቃሚው ሳጥኑን እንደገና ካልነካው አይወጣም። «አፕል ይህን ስህተት መቼ ያርመው ይሆን?» ይላል።

ወንድሜ፣ አፕል የሚያርመው ስህተት የለም። ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ኪቦርድ የስልኩን ገጽ ግማሽ ያህል ይወስዳል፤ ማንኛውም ድረ ገጽ ባሻው ጊዜ እንዲያወጣው ቢፈቀድለት የምናነበው ነገር አይተርፍልንም ነበር። ስለዚህ ሳፋሪ፣ የአይፎኑ ድረ ገጽ ማሰሻ፣ ጠቋሚውን ሳጥኑ ውስጥ የሚያስገባውን «ፎከስ» የሚለውን ትእዛዝ ሰምቶ ኪቦርድ የሚያወጣው ትእዛዙ ከሰው ጣት ንክኪ በቀጥታ ሲመጣ ነው። በላክህልኝ ኮድ ላይ ግን ትእዛዙን የሰጠኸው በሰዓት ቆጣሪ አዘግይተህ፣ ሳጥኑ ተንሸራቶ ከገባ ከ300 ሚሊሰከንድ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ንክኪው አልፏል፤ ስልኩ የሚያየው ማንም ሳይነካው ኪቦርድ የሚጠይቅ ገጽ ነው።

ቅደም ተከተሉን ገልብጠው። ሳጥኑ ከመጀመሪያው ገጹ ላይ ይኑር፤ የማይታይ እንዲሆን ከፈለግህ «ኦፓሲቲ» የሚባለውን የመታየት መጠኑን ዜሮ አድርገው እንጂ «ዲስፕሌይ ነን» አትበለው፤ በዚያ መንገድ የተሰወረ ሳጥን ፎከስ መቀበል አይችልም። ምልክቱ ሲነካ በዚያው ቅጽበት መጀመሪያ ፎከሱን ስጥ፣ መንሸራተቱ ይከተል።

ከዚህ የባሰው ሌላ ነው። የዕቃው ዝርዝር ከሰርቨር እስኪመጣ ድረስ ሳጥኑን አታሳይም። ኔትወርክ በሚደክምበት ሰዓት የሚሆነውን እዚያው የምትኖር አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። ሰው ቃሉን እየጻፈ ዝርዝሩ ከኋላ ቢደርስ ማን ይጎዳል? ታክሲ ውስጥ በአንድ እጇ ልጇን ታቅፋ በሌላው ስልኳን የያዘች እናት የዱቄት ወተት የትኛው ሱቅ እንዳለ ልታይ ትፈልጋለች። አንድ ጊዜ ነክታለች። ደግሞ መንካት ለእርሷ ቀላል ነገር አይደለም፤ ይህን የማያስብ ባለሙያ ምን ያህል ያማረ ገጽ ቢሠራ አላገለገላትም።

ወደፊት ለአንድሮይድ ራሱን የቻለ መተግበሪያ ስትሠራ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይጠብቅሃል። እዚያ ለሳጥኑ ፎከስ መስጠት ብቻውን አይበቃም፤ ኪቦርዱ እንዲታይ ለብቻው መጠየቅ አለበት። ጥያቄውም መስኮቱ፣ ማለትም መተግበሪያው የሚታይበት ገጽ፣ ራሱ ፎከስ ሳያገኝ ከቀረበ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይታለፋል። መስኮቱ ዝግጁ እስኪሆን ጠብቀህ ጠይቅ። ደግሞም መጠየቅ ስለቻልህ ብቻ አትጠይቅ፦ ሰው የፍለጋውን ምልክት ነክቶ ከገባ ኪቦርዱ ይምጣለት፤ ዕቃ ሊያይ ብቻ ከገባ ግን ዕቃውን አትሸፍንበት።

ከጀሞ አንዲት አንባቢ በአንድ መተግበሪያ ላይ «ፀጉር» ብላ ስትጽፍ ምንም አላገኘችም፤ «ጸጉር» ስትል ግን ዝርዝሩ መጣ። ትክክለኛው የትኛው ነው?

ጥፋቱ የአንቺ አይደለም፤ የሠሪው ነው። «ፀሐይ» የሚለው ቃል ፀ እና ጸ፣ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃ እየተለዋወጡ በ12 መንገድ ሊጻፍ ይችላል፤ ሲነበብ ሁሉም አንድ ነው። ለኮምፒውተር ግን እያንዳንዱ ፊደል ለፊደላት ሁሉ ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ የራሱ ቁጥር ያለው ባዕድ ነው። ስለዚህ ሠሪው የሚፈለገውንም ቃል የተከማቸውንም ቃል ወደ አንድ ፊደል መልሶ ማነጻጸር አለበት። ጥቂት መስመር ኮድ ነው፤ የኮዬ ፈጬው ወንድሜም ይህን ያንብብ።

ከለገጣፎ አንድ ባለ ሱቅ በስልካቸው ላይ ኪቦርድ ከናካቴው ጠፋ ይላሉ፤ በየትኛውም መተግበሪያ አይወጣም። በደብዳቤያቸው መጨረሻ የባርኮድ ማንበቢያ በብሉቱዝ እንዳገናኙ ጠቅሰዋል።

መልሱ እዚያው ደብዳቤዎ ውስጥ ነበር። ብዙ የባርኮድ ማንበቢያዎች ለስልኩ ራሳቸውን የሚያስተዋውቁት እንደ ኪቦርድ ነው፤ ስልኩም «እውነተኛ ኪቦርድ አለው» ብሎ የራሱን ይሰውራል። አንድሮይድ ከሆነ በቅንብሮች ውስጥ ስለ ውጫዊ ኪቦርድ የሚናገረውን ክፍል ፈልገው በገጹ ላይ ያለው ኪቦርድም አብሮ እንዲታይ ያብሩት። በችኮላ ስልኩን ወደ ፋብሪካ ይዞታው እንዳይመልሱት፤ የዱቤ መዝገብዎ እዚያ ውስጥ ነው ብለዋልና።

ከቱሉ ዲምቱ፦ ስልኬ ውኃ ነክቶት የኪቦርዱ አንድ ረድፍ አልሠራም አለ።

ስልኩን አጋድመው ይሞክሩት። የማይሰሙት ፊደሎች ከተቀየሩ የተበላሸው ስክሪኑ ነው፤ ጥገና ቤት ይውሰዱት።

ከሱሉልታ አንዲት ልጅ አባቷ ከሰሞኑ ድንገት የፍለጋ ሳጥኑን መንካት እንዳቃታቸው፣ ቀኝ እጃቸው እንደሚከዳቸው ጽፋ፣ ትልልቅ ቁልፍ ያለው ኪቦርድ እንድጠቁማት ትለምነኛለች።

እህቴ፣ አሁን ኪቦርድ አልጠቁምሽም። የአንድ ወገን እጅ ድንገት ሲደክም ስትሮክ ሊሆን ይችላል፤ ፊታቸው ከተጣመመ ወይም ንግግራቸው ከተንተባተበ ደግሞ ጥርጣሬው ይበልጥ ይጠነክራል። ምልክቱ ቢያልፍላቸውም እንኳ ነገ ሳትዪ አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰጃቸው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። ሐኪም ካያቸው በኋላ ጻፊልኝ፤ ያኔ በጂቦርዱ ላይ የማይክሮፎኑን ምልክት ነክተው በአማርኛ እየተናገሩ የሚፈልጉበትን መንገድ አሳይሻለሁ፤ ጉግል በድምፅ መጻፍን ለአማርኛ ያቀረበው በእ.ኤ.አ. 2017 ነው።

ከየካ አባዶ፦ የፍለጋ ሳጥን ከላይ ይሁን ከታች?

ከታች፤ አውራ ጣት የሚደርሰው እዚያ ነው።