ለሦስቱም ሞገድ የሚሆን አንድ አንቴና ከመፈለግህ በፊት ብሬከሩን አጥፋ

ሰሚት ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ የሚኖር ወንድማችን ጥያቄ ልኮልኛል። የአባቱ ሬዲዮ ኤፍኤም ላይ ጥሩ ነው፣ መካከለኛ ሞገድ ላይ ዝዝዝ ይላል፣ አጭር ሞገድ ማታ ላይ ጩኸት ብቻ ነው። ከመርካቶ ባለ ቡስተር (ሲግናል ማጉያ ያለው) አንቴና ገዝቶ ጭራሽ ባሰበት። አሁን ለሦስቱም የሚሆን የቱን ልግዛ ነው የሚለው፣ መጨረሻ ላይ ደሞ እንደዋዛ "መብራት ሲጠፋ ግን ይሻለዋል" ብሏል።

ወንድሜ፣ እኔ የያዝኩት እቺን የመጨረሻዋን ነው። መብራት ሲጠፋ ከተሻለው የጎደለህ አንቴና አይደለም፣ ጩኸቱ ከመብራቱ ነው የሚመጣው። ዛሬ ማታ ሬዲዮውን በባትሪ ድንጋይ አርገህ አጭር ሞገድ ላይ ክፈትና የራስህን ቤት ብሬከር ብቻ አጥፋ። ጸጥ ካለ ያንተ ቤት ነው፣ ካላለ የጎረቤት ነው። ያንተ ከሆነ አንድ በአንድ እያበራህ ፈልገው፣ የኔ ግምት ርካሽ ኤልኢዲ አምፖል ወይ የስልክ ቻርጀር ነው፣ ዋጋ ለመቀነስ ሲሉ የጩኸት ማጣሪያውን ይተዉታል፣ መከራውን የሚያየው ሬዲዮ የሚሰማ ሰው ነው። ቡስተሩም ጩኸቱን አብሮ ስለሚያጎላ ነው የባሰበት፣ ፍታው።

ቀድሞ የመጣው ሠራተኛ የዲሽ ገመድ ከሬዲዮው አንቴና ጋር ቀጠለልኝ ያልከው በጣም አናዶኛል። ሪሲቨሩ ወደ ዲሹ በዛ ገመድ 13 ወይም 18 ቮልት ይልካል፣ ሬዲዮው እስካሁን አለመቃጠሉ እድል ነው። ዛሬውኑ ንቀለው።

ለሦስቱም እኩል የሚሆን አንቴና የለም። 300ን በሜጋኸርዙ አካፍል፣ የሞገዱ ርዝመት በሜትር ይመጣልሃል፣ ጥሩ አንቴና የዛ ሩብ ነው። ኤፍኤም 100 ላይ ሩቡ 75 ሳንቲም ነው፣ የሬዲዮው ተጎታች አንቴና ያን ያህል ስለሆነ አትንካው። መካከለኛ ሞገድ 1000 ኪሎኸርዝ (ማለት 1 ሜጋኸርዝ) ላይ ደሞ ሩቡ 75 ሜትር ይሆናል፣ ኮንዶሚኒየም ላይ የት ትሰቅለዋለህ?

ለዛ ነው ሬዲዮው ውስጥ ፌራይት ያለው። ከፍተህ ካየኸው ጣት የሚያክል ጥቁር ግራጫ ዘንግ ነው፣ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞበታል፣ ከወደቀ እንደ ጠመኔ ስብር ይላል። የሚይዘው የሞገዱን ማግኔታዊ ክፍል ስለሆነ ተጎታቹን ብታወጣው ብታስገባው መካከለኛ ሞገድ ላይ ለውጥ የለውም፣ ሰው ግን ዝም ብሎ ይጎትታል። ዘንጉ ጎኑን ለጣቢያው ሲሰጥ ድምፁ ይጎላል፣ ጫፉን ሲያዞርበት ይሞታል። ስለዚህ ሬዲዮውን ጠረጴዛው ላይ ቀስ እያልክ ክብ አዙረው፣ ዝዝታው የሚሞትበት ቦታ አለ፣ እዛ ላይ የዘንጉ ጫፍ ወደ ጩኸቱ እያመለከተ ነው ማለት ነው፣ ያቺን አምፖል ራሱ ያገኝልሃል። እኔ ስንት ቤት ጩኸት የያዝኩት በዚህ ብቻ ነው።

ውጭ ሽቦ የሚያስፈልግህ ለአጭር ሞገድ ነው። 31 ሜትር ባንድ በሚባለው የአጭር ሞገድ ክፍል ላይ ሩቡ 8 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከ8 እስከ 10 ሜትር ሽቦ ይበቃሃል። ስትገዛ ጫፉን በምላጭ ፋቅ አርገው፣ ላዩ ቀይ ሆኖ ውስጡ ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፣ ስታጣጥፈው ቶሎ ስለሚበጠስ መልስላቸው። ከበረንዳ ወደ ግቢው ዛፍ ዘርጋው፣ ጫፉን በናይለን ገመድ እሰረው፣ ከግድግዳውና ከቆርቆሮው አርቀው። ከመብራት መስመር በላይም በታችም እንዳያልፍ፣ ቢበጠስ እንኳ መስመሩ ላይ የሚወድቅ ከሆነ ይቅርብህ፣ ሰው ይሞታል። የቤት በኩሉን ጫፍ በክሊፕ ተጎታቹ ላይ ያዘው፣ ጣቢያዎች ከተደራረቡ ወደ 5 ሜትር አሳጥረው፣ ኤፍኤም ስትሰማ ክሊፑን አንሳ።

ደግሜ ልንገርህ፣ የመብራት መስመር አጠገብ አይሆንም። ክረምት ላይ ደሞ ነጎድጓድ ሳይጀምር ክሊፑን ፈተህ ሽቦውን በመስኮት ወደ ውጭ ጣለው፣ ከጀመረ በኋላ ግን እንዳትነካው። አንተ ቤት በማትኖርበት ሰዓት የሚሰሙት አባትህ ስለሆኑ ለሳቸውም አሳያቸው።