የሃዋይ ታንኳ በገመድ ከሚታሰር በብሎን ቢታሰር አይሻልም ወይ ላልከው

ወንድሜ በብሎን ብታጠብቀውማ ማዕበል ሲመታው እንጨቱ ይሰነጠቅብሃል፣ ገመድ ግን ትንሽ ይሰጣል ዋናው ሚስጥር እሱ ነው። ታንኳው ብቻውን ጠባብ ስለሆነ እንዳይገለበጥ ከጎኑ አማ የሚሉት ተንሳፋፊ አለ፣ ሁለቱን የሚያገናኙት ደሞ ኢያኮ የሚባሉ ጎበጥ ያሉ ሁለት እንጨቶች ናቸው። የቱ ጎን ላልከው በግራ ነው። ኢያኮውን በታንኳው ጠርዝ ላይ አግድም ታስቀምጥና ከውስጥ ካለው ዋኤ ከሚሉት ድጋፍ ጋር ደጋግመህ ትጠመጥመዋለህ፣ እያንዳንዱን ዙር ግን ባለ በሌለ ጉልበትህ ሳብ፣ የመጀመሪያው ዙር ከላላ በኋላ የምታደርገው ሁሉ ልፋት ነው በቃ ፈትተህ እንደገና። ከዛ በመሃል አቋርጠህ እየጠመጠምክ ዙሮቹን አንድ ላይ ታንቃቸዋለህ፣ እውነተኛው ጥብቀት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ድሮ ገመዱ ከኮኮናት ቃጫ የተፈተለ ነበር አሃ ይሉታል፣ አሁን የጥጥ ገመድ ነው የሚበዛው፣ ቸኩለው በካላማዳሪ ቁራጭ የሚያስሩም አሉ (እኔ አይጥመኝም፣ ግን ይሰራል)። ሆኩሌአ የምትባለው የሃዋይ ባለ ሸራ ታንኳ እኮ በ1976 እንደ ፈረንጆቹ ከሃዋይ ታሂቲ የደረሰችው በገመድ ታስራ ነው፣ እሷ እንኳን አማ የላትም ሁለት የታንኳ አካል ጎን ለጎን የተጣመረባት ናት። ውሃ ላይ ከመውጣትህ በፊት አማውን ይዘህ ከፍ ዝቅ አድርገው፣ ጠርዙ ላይ ሲንቀጫቀጭ ከሰማህ ፍታው።