ክራንክሻፍቱን ሳትለኩ አትጣሉት

ሰሞኑን አንዲት ወጣት መካኒክ ጥያቄ ላከችልኝ። «ጋሼ፣ ሞተር አውርጄ ፈትቻለሁ። ብሮንዚኑ ተበልቷል። አዲስ ክራንክሻፍት ልግዛ ወይስ የድሮውን ግራይንድ ላስደርገው? ሻጩ አዲሱ ምንም ሳያስቸግር ይገጥማል ብሎኛል።» ክራንክሻፍት የፒስቶኖቹን ወደ ላይና ወደ ታች መሄድ ወደ መዞር የሚቀይረው የሞተሩ ዋና ዘንግ ነው። ብሮንዚን ዘንጉ በዘይት ላይ የሚዞርበት፣ በሁለት ግማሽ የተሠራ ስስ ብረት ነው። ግራይንድ ማድረግ ማለት የዘንጉን የተበላ ፊት በድንጋይ ፍቆ ማስተካከል ነው። አጭር ጥያቄ ናት። መልሷም አጭር ነው፤ መጀመሪያ ለኪው። እኔ ግን ጥያቄዋን ካነበብኩ በኋላ ሐሳቤ የሄደው ከብዙ ዓመት በፊት በኪሎ ተመዝኖ ወደ ተሸጠ አንድ ክራንክሻፍት ነው። እስካሁን ይቆጨኛል። ስለዚህ ለእሷ ብቻ ከምመልስ ሞተር ለምትፈቱ ልጆች ሁሉ ልጻፈው አልኩ።

ያኔ ገና ዕቃ አጣቢ ነበርኩ። የተፈታ ሞተር በናፍጣ አጥባለሁ፣ ብሎን እለያለሁ፣ አምጣ የተባልኩትን አመጣለሁ። አንድ ቀን ባለ ስድስት ሲሊንደር የጭነት መኪና ሞተር መጣ። በቀዝቃዛው ሲነሳ ደህና ነው። ሲሞቅ ግን የዘይት ግፊቱ ይወርዳል፤ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ሲሠራ የዘይት መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። ወረደ፣ ተፈታ። ብሮንዚኖቹ ግራጫው ፊታቸው አልቆ ከሥሩ ያለው መዳብ ታይቷል። የጋራዡ ሹም ክራንክሻፍቱን በአውራ ጣቱ ጥፍር ዳሰስ ዳሰስ አደረገና «ይሄ አልቆለታል፤ አዲስ ይምጣ» አለ። በቃ። የሚሊሜትር መቶኛ የሚለካው ማይክሮሜትር የሚባል ነገር አልተነሳም።

ባለመኪናው ያለው ያ አንድ መኪና ብቻ ነበር። ሹሙ ያለውን ሰምቶ ብሩን ሊፈልግ ሄደ።

ጋራዡ ውስጥ አንድ አዛውንት የቶርኖ ባለሙያ ነበሩ። ብዙ አይናገሩም። ማይክሮሜትራቸውን ለማንም አያውሱም፤ በጨርቅ ጠቅልለው በኪሳቸው ይዘውት ነው ቤት የሚገቡት። ሰው ሲስቅባቸው «የሰው እጅ የነካው መለኪያ የእኔ አይደለም» ይላሉ። ደግሞ አንድ አመል ነበራቸው። የተፈታ ክራንክሻፍት መሬት ላይ ተጋድሞ ካዩ ሥራቸውን ጥለው መጥተው በቁሙ ያቆሙታል። ረጅም ዘንግ ተጋድሞ ከከረመ ይጎብጣል ብለው ነው። ዛሬ እኔም የማደርገው ይህንኑ ነው፤ የሥራ ባልደረቦቼ ይሰለቹኛል።

የዚያን ዕለት ማታ ሰዉ ሲወጣ እኚህ ሰው ጠሩኝ። ያጠብኩትን ክራንክሻፍት አንስተን ቪ ብሎክ በሚባለው የዘንግ ማስቀመጫ ላይ አስቀመጥነው። እለካለሁ ብዬ ስቸኩል ቆይ አሉኝ። ዘንጉ ፀሐይ ላይ ውሎ ነበር። እስኪበርድ ቁጭ ብለን ጠበቅን። ለምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። 60 ሚሊሜትር ዲያሜትር ያለው ብረት በ20 ዲግሪ ሲሞቅ ከ0.01 ሚሊሜትር በላይ ይሰፋል። በዘንጉና በብሮንዚኑ መካከል የሚተወው የዘይት ክፍተት ደግሞ 0.05 አካባቢ ነው። ያልበረደ ዘንግ የሚለካ ሰው ገና ሳይጀምር ከክፍተቱ አንድ አምስተኛ በላይ ይሳሳታል።

ከበረደ በኋላ ጀመሩ። እያንዳንዱን ጆርናል፣ ማለትም ብሮንዚኑ የሚቀመጥበትን ክብ ቦታ፣ በአንዱ ዳር፣ በመሃል፣ በሌላው ዳር ለኩ። ከዚያ 90 ዲግሪ አዙረው እንደገና። እሳቸው ቁጥር ይጠራሉ፣ እኔ ብረት ሳጥን ላይ በጠመኔ እጽፋለሁ። ሲጨርሱ የጻፍኩትን ከማኑዋሉ፣ ከአምራቹ የጥገና መጽሐፍ፣ ጋር አስተያዩ። ክብነቱ አልጠፋም። ከዳር ዳር አልሾጠጠም። መጠኑም ከተፈቀደው በታች አልወረደም። በትንሽ መዶሻ የዘንጉን ሚዛን መጠበቂያ ክብደት መታ ሲያደርጉት እንደ ደወል ረዥም ጮኸ። የተሰነጠቀ ዘንግ ድምፁ ይታፈናል። ይህ ብቻውን ማረጋገጫ አይደለም፤ ስንጥቅን በደንብ የሚያሳየው የማግኔት ፍተሻ ነው። ቢሆንም ከምንም ይሻላል።

ከዚያ የዘይት ፓምፑን ከፈቱት። ጥርሶቹም ክዳኑም ተቦርቡረዋል። «ብሮንዚንና ፓምፕ ይቀየር፣ ዘንጉ ፖሊሽ ይደረግ፣ አለቀ» አሉኝ።

ጠዋት ለሹሙ ነገሩት። ሹሙ አዲሱን ክራንክሻፍት ከሣጥኑ እያወጣ ነበር። ዘይት ከነካው ወረቀት ውስጥ ሲወጣ ያብረቀርቃል፤ እኔ ራሴ ልቤ ደንግጧል። «አዲስ እያለ ስለ አሮጌ ታወራለህ እንዴ?» አላቸው። አዛውንቱ የራዲየስ መለኪያቸውን አውጥተው ጆርናሉ ከጎኑ ካለው ክንፍ ጋር የሚገናኝበት ጥግ ላይ ሰኩት። ያ ጥግ ክብ ቅስት መሆን አለበት። የአዲሱ ግን ሹል ነበር ማለት ይቻላል። አሳዩት። ሹሙ ሳቀ፤ ዓይን የማያየው ነገር ሞተር አይሰብርም አለ።

ይሰብራል እንጂ! ፒስቶኑ በተመታ ቁጥር ዘንጉ ትንሽ ይተጣጠፋል። ጭነቱ የሚከማቸው እዚያ ጥግ ላይ ነው። ቅስቱ ሰፊ ከሆነ ኃይሉ ይበተናል። ሹል ከሆነ አንድ ነጥብ ላይ ይሰበሰብና ከፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ያለው የጊዜ ጉዳይ ነው።

አዲሱ ገባ። አሮጌው ከሌላ ቁርጥራጭ ብረት ጋር በጋሪ ወጣ። ጋሪው ላይ ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ታዝዤ። ጥቂት ወራት ቆይቶ መኪናው በሌላ መኪና እየተጎተተ መጣ። ክራንክሻፍቱ ለሁለት ተሰብሯል፣ ብሎኩንም፣ ማለትም የሞተሩን ዋና አካል፣ ይዞት ሄዷል። አዛውንቱ የተሰበረውን ፊት አጥበው አሳዩኝ። ከጥጉ ተነስቶ ብዙው ክፍል ለስላሳ ነው፤ ውኃ ሲሸሽ አሸዋ ላይ የሚተወው ዓይነት ቀስት ቀስት መስመር አለበት። መጨረሻ ላይ የቀረችው ትንሽ ቦታ ብቻ ሻካራ ናት። ለስላሳው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲሰነጠቅ የኖረው ነው። ሻካራው በመጨረሻዋ ቅጽበት የተገነጠለው። ባለመኪናው ዝም ብሎ ቆይቶ «የድሮው የት አለ?» ብሎ ጠየቀ። የመለሰለት ሰው የለም።

ስለዚህ ልጆች፣ ሻጭ «ይገጥማል» ሲላችሁ መግጠምና መሥራት ይለያያሉ። ደግሞ ላይገጥምም ይችላል። የቶዮታን የኤል ቤተሰብ ናፍጣ ሞተሮች ውሰዱ። ከውጭ ሲያዩዋቸው ይመሳሰላሉ። የኤል ስትሮክ፣ ማለትም ፒስቶኑ ከታች እስከ ላይ የሚጓዘው ርቀት፣ 86 ሚሊሜትር ነው። የ2ኤል 92፣ የ3ኤልና የ5ኤል 96። የ3ኤል ዘንግ 2ኤል ብሎክ ውስጥ ተቀምጦ ቢዞር እንኳ ፒስቶኑ 2 ሚሊሜትር ወደ ላይ ያልፋል። ናፍጣ ሞተር ላይ ፒስቶኑ ጫፍ ሲደርስ ከቴስታታው፣ ከላይ ከሚከድነው ብረት፣ ጋር የሚቀረው ክፍተት 1 ሚሊሜትር ቢሆን ነው። ቀሪውን እናንተ አስሉት። ስትሮኩ አንድ ሆኖ ደግሞ ዘንጉ ጫፍ ላይ የሚታሰረው ከባድ ጎማ መሰል ብረት (ቮላኖ) ብሎኖች ብዛት፣ የክራንክ ሴንሰሩ የሚያነበው ጥርስ ወይም የክንፎቹ ክብደት ሊለይ ይችላል። አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አቁማችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለኩ። የዛሬ ልጆች ፎቶ ልከው ዕቃ ያዛሉ። ፎቶ ሚሊሜትር አያሳይም።

ግን አልዋሽም፣ በአንድ ነገር እቀናባችኋለሁ። እኛ የማኑዋል አንድ ገጽ ለማግኘት የማንለምነው ሰው አልነበረም። እናንተ ስልካችሁ ላይ ሙሉውን ታወርዳላችሁ። የሚያናድደኝ አውርዳችሁ አለመክፈታችሁ ነው።

ልኬቱ ከገደብ ካለፈ ወይም ጆርናሉ ከተጫረ ግራይንድ ይደረጋል። የተለመደው 0.25፣ 0.50፣ 0.75፣ 1.00 ሚሊሜትር እያለ የሚወርደው ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። መጀመሪያ ዘንጉን ያስፍቃል፣ ከዚያ ብሮንዚን ፍለጋ ይዞራል፤ 0.75 ይጠፋል። በተቃራኒው ሂዱ። መጀመሪያ ብሮንዚኑን ገዝታችሁ ያዙ። በሚቀመጥበት ቤቱ ውስጥ ሞተሩ ላይ ገጥማችሁ፣ ብሎኑን በልኩ አጥብቃችሁ፣ የውስጡን ዲያሜትር ለኩ። ከዚያ ግራይንድ ለሚያደርገው ሰው «ከዚህ ላይ ይህን ያህል ክፍተት ተውልኝ» ትሉታላችሁ። ማኑዋል ከሌለ የቆየ የእጅ ልማድ አለ፤ የዘንጉ ዲያሜትር አንድ ሺህኛ። 50 ሚሊሜትር ለሆነ ዘንግ 0.05 ማለት ነው። ማኑዋል ካለ ግን ልማዱን እርሱት። ግራይንዱ ሲያልቅ ደግሞ ጥጉ ቅስቱን መያዙን እዩ፤ ስለ ጥግ ካወራሁት በላይ አላወራም።

ብሮንዚኑ ጀርባ ላይ 0.25 ተብሎ ሲጻፍ ብሮንዚኑ በ0.25 ወፈረ ማለት አይደለም። ዘንጉ በዚያ ያህል ቀጥኗል ማለት ነው። እያንዳንዱ ግማሽ የሚወፍረው በ0.125 ብቻ ነው። ይህን ባለማወቅ በካሊፐር ለክቶ «የተሳሳተ ዕቃ ሰጡኝ» ብሎ የተጣላ ሰው አውቃለሁ።

አንዳንድ ክራንክሻፍት ናይትራይድ የተደረገ፣ ማለትም ቆዳው በናይትሮጅን የጠነከረ፣ ነው። የጠነከረው ቆዳው ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሚሊሜትር አይበልጥም፤ ሲፋቅ ይሳሳል ወይም ይጠፋል። እንደገና ናይትራይድ ካልተደረገ ጆርናሉ ቶሎ ይበላል፣ ለስንጥቅም ይጋለጣል። ግራይንድ አይደረግም ብለው የሚከለክሉ አምራቾችም አሉ። እነሱን ስሙ። እኔ ራሴ እንዲህ ያለ ዘንግ 0.25 አስፍቄ የገጠምኩት ሞተር አለ፣ እስካሁን ይሠራል። ቢሆንም አትከተሉኝ። እንዲህ ያለው ዘንግ ላይ ነው አዲስ ግዙ የምለው፤ ከላይ ያልኩትን ሁሉ ብዬም።

የዛሬ ዘመን ሞተሮች ላይ ስታንዳርድ፣ ማለትም ላልተፋቀ ዘንግ የሚሆን፣ ብሮንዚን እንኳ አንድ ዓይነት አይደለም። ብሎኩና ዘንጉ ላይ ፊደል ወይም ቁጥር ተመትቶ ይገኛል፤ ሁለቱን ሠንጠረዥ ላይ ስታጋጥሙ የብሮንዚኑን ቀለም ወይም ቁጥር ይሰጣችኋል። በአንድ ሞተር ላይ የተለያየ ቀለም ቢገባ አትደንግጡ።

ግማሽ ብሮንዚን ቤቱ ውስጥ ሲቀመጥ ጫፉ ከጠርዙ በጣም በትንሹ ከፍ ይላል። በሞረድ እንዳትነኩት! ካፑ፣ ማለትም በብሎን የሚታሰረው የቤቱ ሌላ ግማሽ፣ ሲጠብቅ ብሮንዚኑን ከቤቱ ጋር አጣብቆ የሚይዘው ያ ትርፍ ነው። ሙቀቱም በዚያ በኩል ነው የሚወጣው። ከጀርባው ዘይት አይቀባም፤ ደረቅና ንጹሕ ይሁን። ክፍተቱ ሰፋ ብሎ ከብሮንዚን ጀርባ ቆርቆሮ የሚሸጉጥ ሰው ካያችሁ ከእሱ ሙያ አትማሩ። ሜይን ብሮንዚኖች፣ ማለትም ዘንጉን ብሎኩ ላይ የሚይዙት፣ ላይ በአብዛኛው የዘይት መስመር የተቦረቦረበት ግማሽ ወደ ብሎኩ፣ ልሙጡ ወደ ካፑ ነው የሚገባው። ጭነቱ የሚያርፈው ካፑ ላይ ስለሆነ ሙሉ ፊት ያስፈልገዋል። ይህንን አገላብጦ የገጠመ ሰው ቀዳዳውንም ደፍኖ ዘይት ይከለክላል።

ስለ ብሎን ማጥበቅና ካፖችን በየቁጥራቸው ስለመመለስ አልናገርም፤ ይህን የማያውቅ ሞተር ባይፈታ ይሻላል።

የዘንጉን የውስጥ የዘይት መንገድ ግን ልብ በሉ። የቀድሞው ብሮንዚን ሲፈጭ ብናኙ እዚያ ገብቶ ይደበቃል። የመንገዱን መድፈኛዎች (ታፖዎቹን) አውጥታችሁ በረዥም ብሩሽ ጥረጉት። ግራይንድ ከተደረገ ደግሞ የድንጋዩ ዱቄትም አብሮ አለ። በአየር ብቻ መንፋት አይበቃም። የዘይት ማቀዝቀዣው ውስጥም እንዲሁ ብናኝ ይቀራል፤ ከተጠራጠራችሁ ቀይሩት።

ገጥማችሁ ስትጨርሱ ነዳጁን ዝጉና የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ በሞተሪኖ አዙሩት። ከዚያ አስነሱ። ጥቂት ከሠራ በኋላ የመጀመሪያውን የዘይት ፊልትሮ አውጥታችሁ ቁረጡት፣ ወረቀቱን ዘርጉና ብርሃን ላይ እዩት። ትንሽ ብናኝ ያለ ነው። የሚያብለጨልጭ ቅርፊት ካለው ግን ሞተሩን አጥፉ፣ ከሥር ያለውን የዘይት መያዣ (ኮፓውን) አውርዱ፣ ካፖቹን አንድ በአንድ ክፈቱ።